«ደካማ ናት፣ ተዋት» ማለት ይብቃን!

ውድ የሆሳዕና፣ የዱራሜና የአካባቢው አርሶ አደሮች፣ ዛሬ ከምክሩ ጋር ትንሽ ወቀሳም ይዤ መጥቻለሁ።

ከቤት ቤት ስዞር ሁሌ የምሰማው ነገር አለ። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት መቆም አቅቷት ስትንገዳገድ «እሷ አትድንም፣ ዕድሏ ነው፣ ተዋት» ይባላል። ሌሊት ትሞታለች። ጠዋት ደግሞ «አላልኩም?» ይባላል። ኧረ ወገኖች! የሞተችው እኮ ስለተተወች ነው!

ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋታል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የክረምቱን ሌሊት እናንተው ታውቁታላችሁ። እኛ ጋቢ ደርበን እየበረደን፣ እሷን ከነእርጥበቷ መሬት ላይ ትተን «ደካማ ሆና ተፈጠረች» እንላለን። ብርድ ያደረገውን በፈጣሪ ላይ ማላከክ ነው ይሄ።

«መብራት የለኝም» የሚል አይጠፋም። መብራት አያስፈልግም! ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጭድ የተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ በአንድ ጎን አስቀምጡ። ሲሞቃት የምትሸሽበት ሌላ ጎን ይኑራት። ሲቀዘቅዝ ቀይሩ፤ ሌሊትም ተነሱ። ጠንክራ መቆም ስትችል ወደ እናቷ ክንፍ መልሷት። ከሰል ግን በተዘጋ ቤት አታንድዱ፤ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል።

ከሞቀች በኋላ ውሃ ስጧት። በአንድ ሲኒ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጡና የመንቆሯን ጫፍ ብቻ ንከሩላት። አፏ ውስጥ አታንቆርቁሩ፤ ሳንባዋ ገብቶ ያንቃታል። በግድም አታጉርሷት፤ ሆዷ ውስጥ የቀረው አስኳል ለሁለት ለሦስት ቀን ይይዛታል።

እግሯ ግራና ቀኝ የተከፈተባትስ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኛ ነው። ላስቲክ ወይም ጋዜጣ ላይ አስቀምጠናት ያንሸራትታታል። ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ። ሁለቱን እግሮች በቀጭን ፕላስተር በተፈጥሯዊ ስፋታቸው አገናኙና፣ ሳታጠብቁ፣ በየቀኑ እየፈታችሁ እዩ። ከሁለት እስከ አራት ቀን ብዙዎቹ ይስተካከላሉ። ሳምንት ከጠበቃችሁ ግን አጥንቱ ይጠነክራል፤ ያኔ ጊዜው ያልፋል።

ሌላው ጉድ ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ከሱቅ የሰው ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፣ እንክብሉን ፈቶ ውሃ ላይ መበተን! ብርድን የሚያድን አንቲባዮቲክ የለም። በዚያ ብር ጨርቅና ጠርሙስ ይገዛበታል።

እኛ ባለሙያዎችም ከወቀሳው አናመልጥም። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም ሲጀመር ዶሮና እንቁላል በየቤቱ እንዲበዛ ነበር ዓላማው። በየቤቱ የሚበዛው ግን ያደገ ዶሮ እንጂ የታደለ ጫጩት አይደለም። ጫጩት አስረክቦ ስለ ሙቀት ሳያስረዳ የሚሄድ ባለሙያ ስራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል። መጥቶ ካላሳያችሁ ጠይቁት፤ መብታችሁ ነው።

ሁሉም ትድናለች አልልም። እምብርቷ ክፍት ሆኖ የሚሸት፣ ሞቃም ጠጥታም በሦስት ቀን ምንም ለውጥ የሌላት ልትሞት ትችላለች። ብዙ ጫጩቶች በአንዴ ነጭ ተቅማጥ ከያዛቸው ወይም አንገታቸው ከተጠማዘዘ ደግሞ ነገሩ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ፈንግልም ይሁን ሌላ። ለዩአቸውና ቶሎ ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ።

«ለአንዲት ጫጩት ይህ ሁሉ ልፋት?» ትሉኝ ይሆናል። የእንቁላሉ ብር የማን ነው? የእናቶቻችን ነው፤ ጨውና የልጆች ደብተር የሚገዛበት። ለያሆዴና ለመሳላ አውራ ዶሮ ስንት እንደሚጠራ እኔ ልንገራችሁ? ያ ገበያ ላይ የሚንጎራደደው አውራ ዶሮም አንድ ቀን እርጥብ፣ የሚንገዳገድ ጫጩት ነበር።

አሁን ቤታችሁ የምትንገዳገድ ጫጩት ካለች ይህን አንብባችሁ አትለፉ። ተነሱና ውሃ ጣዱ። ለጎረቤታችሁም አጋሩ።