ማኑዋል የሌለው ኮድ ግማሽ ሥራ ነው

አንድሮይድ ስልክ የያዛችሁ ሁሉ ኪሳችሁ ውስጥ ሊኑክስ አለ። ተርመክስ የሚባለውን አፕ ጭናችሁ ትእዛዝ መጻፍ የሞከራችሁ ደግሞ "ማን" ከሚለው ቃል ጋር ሳትተዋወቁ አትቀሩም። የእኛው "ማን ነው?" እንዳይመስላችሁ፤ "ማኑዋል" ሲያጥር ነው። ከጎኑ የትእዛዙን ስም ስትጽፉ መመሪያው ይከፈታል።

ብዙዎቻችን ግን እሱን ዘለን ዩቲዩብ እንከፍታለን። ለሁለት መስመር መልስ 20 ደቂቃ ቪዲዮ፣ ከዚያ ዳታው አለቀ! የማኑዋል ገጽ እኮ ተራ ጽሑፍ ነው፤ አንዴ ስልካችሁ ላይ ከተጫነ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይነበባል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው "ወጪውን የሸፈነው ማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ይወዳል። የዩኒክስ ታሪክ እዚህ ላይ ደስ ይላል። የቤል ላብስ ተመራማሪዎች ለዩኒክስ አዲስ ኮምፒውተር የተገዛላቸው "የጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን" ብለው ነው፤ የመጀመሪያው ደንበኛም የኩባንያው የፓተንት ክፍል ሆነ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ያዘጋጁት የመጀመሪያው ማኑዋል የወጣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 ነው። ሰነድ ማዘጋጀት ከጅምሩ የሥራው አካል ነበር ማለት ነው።

ገጾቹ የሚጻፉት በማክሮ ነው። በነጥብ የሚጀምር አጭር መስመር ለኮምፒውተሩ "ይህ ርእስ ነው"፣ "ይህን አድምቀው" ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው ዩኒክስ ጋር የመጡት ማክሮዎች በአብዛኛው ስለ መልክ ያወራሉ። በኋላ በበርክሌይ ሲንቲያ ሊቪንግስተን ያዘጋጀችው "ኤምዶክ" ግን ስለ ትርጉም ያወራል፦ ይህ የትእዛዙ ስም ነው፣ ይህ አማራጭ ነው፣ ይህ የፋይል አድራሻ ነው። መልኩን ማሽኑ ይጨርሰዋል።

"ማርክዳውን እያለ ማን ይደክማል?" የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ማርክዳውን ይቀላል። ግን በማርክዳውን ያደመቃችሁት ቃል ከደማቅነቱ ውጪ ምንም አይናገርም። ትርጉሙ ከተመዘገበ ግን "ይህን አማራጭ የሚጠቀሙ ትእዛዞች የትኞቹ ናቸው?" ብሎ መፈለግ ይቻላል፤ "ማንዶክ" የተባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ጸሐፊው አንድ ጊዜ የሚለፋው ልፋት ሺህ አንባቢ ሺህ ጊዜ ከመልፋት ያድናል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ኢንቨስትመንት የለም።

የእኛ ልጆች የዘመን መቁጠሪያ መቀየሪያ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ሠርተው ጊትሀብ ላይ ይለቃሉ፤ ጎበዞች ናቸው። መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ "ጫኑት፣ አስነሱት" ከማለት አያልፍም። ሠሪው ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ኮዱም አብሮት ይሞታል፤ የሚረከበው ሰው ከየት ይጀምር?

ስለዚህ ቀጣዩን ፕሮጀክት ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፦ ስሙ፣ አጠቃቀሙ፣ ማብራሪያው፣ ምሳሌው። አንድ አማራጭ ለማስረዳት ሦስት አንቀጽ ከፈጀባችሁ መጀመሪያ ኮዱን አስተካክሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከጥንቶቹ ማኑዋሎች የወረስነውን "ጉድለቶች" የሚል ክፍል አትዝለሉ። ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሚሳሳት ሠሪው ራሱ ከነገረኝ፣ ይሠራል ያለውን ለማመን አልቸገርም።