«ሊኑክስ ዋይፋይ አይዝም» ለምትሉን የጥገና ባለሙያዎች

ጎንደር ላይ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ይዘህ ጥገና ቤት ስትገባ መልሱ ያው ነው፦ «ይሄ ነገር ዋይፋይ አይዝም፣ ፎርማት እናድርገውና ዊንዶውስ እንጫንልህ»። አለቀ። የካርዱን ስም እንኳ ያየ የለም! የተማሪው ኖት፣ የመምህሩ የፈተና ፋይል አብሮ ይጠፋል። የሚጫነው ደግሞ በክራክ የተከፈተ ዊንዶውስ 10 ነው፤ እሱም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ወገን፣ ብዙውን ጊዜ የተጣሉት ድራይቨሮቹ ናቸው። ብሮድኮም ካርድ ያላቸውን የቆዩ ላፕቶፖች እንውሰድ። ለአንዱ ካርድ ሊኑክስ ውስጥ ቢ43 የሚባል ድራይቨር አለ፤ ኩባንያው ራሱ የሰራው ደብልዩኤል የሚባልም አለ። ሰውየው ዩቲዩብ አይቶ ሁለቱንም ይጭናል። አንድ በሬ ለሁለት ሞፈር መጥመድ በሉት። ዋይፋዩ ሲጠፋ ጥፋቱ የሊኑክስ ይሆናል።

መፍትሄው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ተርሚናል ላይ ኤልኤስፒሲአይ ብላችሁ ሰረዝና ኬ ጨምሩበት፤ ካርዱ ምን እንደሆነና የትኛው ድራይቨር እንደያዘው ይነግራችኋል። ለካርዱ የሚስማማውን አስቀሩ፣ ሌላውን ብላክሊስት አድርጉ፣ ሪስታርት። ደብልዩኤል አልነሳም ካለ ሴኪዩር ቡት በርቶ እንደሆነ ባዮስ ውስጥ እዩ፤ ያልተፈረመ ድራይቨር አያስገባም። አንዳንድ ሌኖቮ አይዲያፓድ ላይ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይኖር «ተዘግቷል» የሚል አለ፤ አርኤፍኪል ሊስት ብላችሁ አረጋግጡ፣ ጥፋተኛው አይዲያፓድ ላፕቶፕ የሚባለው ሞጁል ሊሆን ይችላል።

«ዩኤስቢ ዋይፋይ ግዛ» የምትሉም አላችሁ። የትኛውን? የቲፒሊንክ ደብልዩኤን722ኤን ቨርዥን 1 ውስጡ አቴሮስ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ሰክተኸው ይሰራል። ቨርዥን 2 ግን ሪያልቴክ ሆኗል፤ ስሙ ያው፣ ውስጡ ሌላ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቨርዥን ሳያዩ መሸጥ ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ገንዘብ አትቀበሉ አላልኩም። ለመረመራችሁበት ተቀበሉ፤ መቶም ሁለት መቶም እንከፍላለን። ለመደምሰስ ግን ለምን እንክፈል?

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ መምህራን፣ ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት የለም ብላችሁ ላፕቶፑን ተሸክማችሁ ጎንደር አትውረዱ። ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ አገናኙና ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ፤ ኡቡንቱ ወዲያው ይይዘዋል። ካልሆነላችሁ ያ ትዕዛዝ ያወጣላችሁን ጽሁፍ ፎቶ አንስታችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ።