ጥናት በስንት ስም ይፈለጋል?

ከዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ብዙም ባልራቁ 176 የአዳሚ ቱሉ መንደሮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለ121 ሳምንታት ትልቅ የወባ ጥናት ተካሂዷል። ከ34 ሺህ በላይ ሰዎች በተካተቱበት በዚህ ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳት የያዘው ሰው እንዳለ ይጠይቁ ነበር። የሚፈለገው መልስ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ሲጣመሩ ከተናጠል ይሻሉ እንደሆነ ነበር። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ግኝት ነው፦ ሦስት ዓመት ያገለግላል የተባለው አጎበር ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ገደማ ከጥቅም ውጪ ሆኗል።

ጥናቱ በመላ አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ሰፍሯል፤ ውጤቱም ታትሟል። ታዲያ የወረዳ ባለሙያ «በእኛ አካባቢ ምን ተጠና?» ብሎ ሲፈልግ የቦታው ስም ራሱ እንቅፋት ይሆንበታል። በላቲን ፊደል «ቱሉ»ን አንዱ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። በሐይቁ ዳር ያለችው ከተማ ለአንዱ ዝዋይ፣ ለሌላው ባቱ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለሙከራ ምዝገባ ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት ደግሞ ስለ ቦታ የሚጠይቀው አገርን ብቻ ነው። «ኢትዮጵያ» ብሎ ማለፍ ይበቃል ማለት ነው! የወረዳ መለያ ቁጥር የሚሞላበት አንድ ሳጥን መጨመር ይህን ያህል የሚከብድ አይደለም። ከሙከራ ውጪ ያሉት የዳሰሳ ጥናቶችና የመመረቂያ ጽሑፎችማ የመመዝገብ ግዴታ እንኳ የለባቸውም።

«ጽሑፉ በነፃ ይነበባል፣ ሌላ ምን ይደረግ?» የሚሉ አሉ። ይነበባል፤ በእንግሊዝኛ፣ በስታቲስቲክስ ቋንቋ። ይልቅ የሚያሳስበው፣ ውጤቱ ለሕዝቡ ቢነገር «ልዩነት የለም» የሚለው ወሬ ሕዝቡን አጎበር ያስጥለዋል የሚለው ስጋት ነው። ይህ ተራ ስጋት አይደለም፤ ሆኖም ውጤቱ የወባ ስርጭት ዝቅተኛ በነበረበት አካባቢ የተገኘ መሆኑን፣ አጎበር ቶሎ ማለቁም ቶሎ መተካት እንዳለበት እንደሚያሳይ ማስረዳት ይቻላል። ይህን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በሁለት ገጽ መጻፍ የተመራማሪው ድርሻ ነው። ጥናት ሊጀምር ሲል የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ቀበሌ ይወርዳል። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሁለቱ ገጾች በዚያው መንገድ ወርደው የቀበሌው ማኅተም ሳያርፍባቸው የጥናቱን ፋይል መዝጋት የለባቸውም።