ቆሞ ከሚበሰብስ ለትምህርት ቤት ይሰጥ

መቱን ከዳር እስከ ዳር የዞረ፣ ወይም ወደ ጎሬና ወደ በደሌ ብቅ ያለ ሰው፣ በየግቢው አጥር ሥር ቆመው የቀሩትን መኪናዎች ሳያይ አይመለስም። ጎማቸው ተንፍሷል፣ ኮፈናቸው ተከፍቷል፣ በቸርኬያቸው መሐል ሣር በቅሏል። አንዳንዱ ውስጥማ ዶሮ ታድራለች። የኢሉባቦር ዝናብ ደግሞ እንደምታውቁት ለብረት አይራራም። ዘንድሮ ዕቃው ተፈትቶ ለሰው ሊጠቅም ይችል የነበረው መኪና፣ ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ ቆራሌው እንኳ ፊቱን የሚያዞርበት ዝገት ይሆናል።

እኛ ሠልጣኞች የምንለው፣ እነዚህ መኪናዎች ሳይበሰብሱ ለትምህርት ቤቶች ይሰጡ ነው።

«መምህርን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉን አሉ። ያገናኘዋል እንጂ! ነገ ብዙዎቻችን የምንመደበው ቤተ ሙከራ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። የመኪናው የፊት መብራት ሲፈታ ከውስጡ የሚወጣው ወደ ውስጥ የጎደጎደ መስታወት ነው፤ የጎን መመልከቻው ደግሞ ወደ ውጭ ያበጠ። ሁለቱን ለተማሪ በእጁ ብንሰጠው በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ሳምንት ከምንሥለው ይበልጥ ይገባዋል። ዲናሞው ተከፍቶ ሲታይ የመዳብ ጥቅልና ማግኔት እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ያሳያል። በዘይት የሚሠራው ፍሬን የፓስካልን ሕግ ያስተምራል። ካምቢዮውስ? 20 ጥርስ ያለው 40 ጥርስ ያለውን ሲያዞር፣ ትንሹ ሁለት ጊዜ ዞሮ ትልቁ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይኸው የሒሳብ ትምህርት! ለዚህ ሁሉ መኪናው መሄድ አያስፈልገውም።

አሮጌን መኪና በልቶ መጨረስ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከጎማው በረባሶ፣ ከካላማዳሪው ጭነት ማሰሪያ፣ ከባሌስትራው ገጀራና ቢላዋ ይወጣል። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ደግሞ ከተጣለ ብረትና ከበርሜል ምድጃና መጥበሻ ሲያወጣ ኖሯል። ሙያው አለ ማለት ነው። የጎደለው ንብረቱን በጊዜ የሚለቅ ሰው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዕቃ ዋጋው እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም።

በአሜሪካ ሰዎች አሮጌ መኪናቸውን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣሉ፤ ድርጅቱም አብዛኛውን ጊዜ ሸጦ በገንዘቡ ይሠራበታል። መልካም ነው፤ ለእኛ ግን ከገንዘቡ ዕቃው ይበልጥብናል።

«የመንግሥት ንብረት ዝም ብሎ አይሰጥም» ይባላል። ልክ ነው፤ ይቆጠራል፣ ይገመታል፣ በጨረታ ይሸጣል። ነገር ግን ከአንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ማዛወርም አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የመንግሥት አይደለም እንዴ? ከቀረጥ ነፃ በገባ መኪና ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። ሊብሬውና ታርጋው ጉዳያቸው ሳያልቅ መኪናውን ብቻ ጎትቶ መጣል ለትምህርት ቤቱ ዕዳ እንጂ ስጦታ አይሆንም። ያረጀ በሬ አስረክቦ ምርቃት እንደ መጠበቅ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ባትሪው ነው። በውስጡ እርሳስና አሲድ አለ። በሴኔጋል፣ በዳካር አጠገብ ባለችው ቲያሮዬ ሱር ሜር፣ ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እያወጡ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞቱ። እርሳሱ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ሕፃናቱ ይጫወቱበት ነበር። እንግዲህ ባትሪ በትምህርት ቤት ግቢ ይሰበር የሚል ካለ እኛ አንስማማም፤ መኪናው ከበር ሳይገባ ባትሪው ይውጣ። የሞተር ዘይቱም በበርሜል ይቀዳ እንጂ በቦይ አይፍሰስ። መቱ ላይ የፈሰሰ ወደ ሶር ይወርዳል፣ ከሶር ወደ ገባ፣ ከገባ ወደ ባሮ ይሄዳል፤ ጋምቤላ ያለው ወገናችን ይጠጣዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ ከመኪናው ክብደት 95 በመቶው ከ2015 ጀምሮ እንደገና በጥቅም ላይ እንዲውል አዝዟል፤ ከዚያ በፊት ግን ባትሪውና ፈሳሹ ይወጣል። ቅደም ተከተሉን እኛም ብንወስደው ወጪ የለውም።

ለመጀመሪያው አንድ መኪና ይበቃናል። የሳይንስ መምህራኖቻችን ምን ምን ዕቃ እንደሚፈልጉ በዝርዝር ይጻፉ፤ የከተማው መካኒኮች ይፍቱልን፤ እኛም እየቀባን፣ ስሙን እየጻፍንበት በመርጃ መሣሪያ ክፍላችን እንደረድራለን። ሻንሲው ብቻ ሲቀር ለቆራሌው ይመዘን፤ ገንዘቡም ለጠመኔ መግዣ ይሁን።