«ዞን» እና «እሳቸው»
በሰዋስው ወዳድ

ቻርልስ ክሮዛት ኮንቨርስ አሜሪካዊ ጠበቃና የመዝሙር ዜማ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ለእንግሊዝኛ አዲስ ተውላጠ ስም አቀረበ፦ «ዞን»። (የአስተዳደር ዞናችንን እንዳታስቡ።) «ያኛው» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት ቃላት አጋብቶ ነው ያወጣው። የቸገረው ሰዋስው ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት ያልታወቀን ሰው በምን እንጥራ? የዌብስተር መዝገበ ቃላት ቃሉን በ1934 እትሙ አስገባው፤ በ1961 እትሙ ግን አወጣው። ማን ተናገረበትና!

ዛሬ ደግሞ «ዚ»ና መሰሎቹ አዳዲስ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሞች መጥተዋል። አሁን ጥያቄው ከሰዋስው አልፏል፤ ወንድም ሴትም አይደለንም የሚሉ አንዳንድ ሰዎች በእነዚህ ጥሩን ይላሉ። ሐሳቡ አያስከፋኝም። የምጠራጠረው ቃሉ መሰንበቱን ነው። «ኮምፒውተር»ን በአንድ ጀምበር ተውሰናል፤ ተውላጠ ስም ግን ሳናስበው ከአፍ የሚወጣ ነገር ስለሆነ አዲሱን እስኪለምድ ምላስ ይደናቀፋል።

ደግሞስ «ዘይ» (እነሱ) እያለ? ለብዙዎች የሚባለው ይህ ቃል ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለአንድ ሰውም ሲባል ኖሯል። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። «የብዙ ቁጥር ለአንድ ሰው እንዴት ይሆናል?» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ይህን የሚል አማርኛ ተናጋሪ ሳገኝ ግን ይገርመኛል። አባባም እማማም «መጡ» አይደል የሚባሉት? ሰውየው አንድ፣ ግሡ የብዙ። «እሳቸው መጡ» ሲባል የሰማ እንግዳ ወንድ ይምጡ ሴት በምን ያውቃል? አክብሮቱ ጾታውን ሸፍኖታል።

መፍትሔው በእጃችን ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሃያ ዓመት ጓደኛውን «እሳቸው» የሚል ሰው እያሾፈ ነው። ከ«እሳቸው» ወጣ ካልን ደግሞ ግሡ ራሱ ያጋልጠናል። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣት «ዚ በሉኝ» ቢለኝ... ይኸው፣ «ቢለኝ» ስል ወንድ አደረግኩት!

እንግዲህ በእንግሊዝኛ ስናወራ «ዚ» ያሉኝን «ዚ» እላለሁ፤ ስማቸውን ሲነግሩኝ በነገሩኝ ስም አይደል የምጠራቸው? ለቋንቋው ምረጥ ከተባልኩ ግን ድምፄ ለ«ዘይ» ነው።