ወደኋላ የቀረ ቀን የለም

የእህቴ ልጅ የተወለደችው ታኅሣሥ 10 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። ለውጭ አገር ትምህርት ስታመለክት የልደት ማስረጃዋን አስተረጎመች። ወረቀቱን የተቀበለው ሠራተኛ 10/4/1985 የሚለውን አየ፣ በዓመቱ ላይ ስምንት ደመረና 10/4/1993 ብሎ መታው። ልጅቷ ኤፕሪል ላይ ተወለደች ማለት ነው። ትክክለኛው ቀን ዲሴምበር 19 ቀን 1992 ነበር። አራተኛው ወራችን ታኅሣሥ እንጂ ኤፕሪል አይደለም፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ደግሞ የሚደመረው ሰባት እንጂ ስምንት አይደለም። ፓስፖርቷ አንድ ቀን፣ ዲግሪዋ ሌላ ቀን ይዘው ልጅቷ ስንት ወር ተንከራተተች። አብሬያት ሄጄ ስሕተቱን ሳስረዳ ከጠረጴዛው ማዶ ያገኘሁት መልስ ነው ይህን ያስጻፈኝ፦ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኛ አይደለም፣ የአቆጣጠራችን ነው። ከዓለም ሰባት ዓመት ወደኋላ ቀርተን እስከ መቼ እንዘልቃለን?»

ይህን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። በመሥሪያ ቤት፣ በሬዲዮ፣ በታክሲ ውስጥ ይነገራል። ጎብኚ ለመሳብ የሚሠሩ ሰዎችም «ኑና በሰባት ዓመት ወጣት ሁኑ» ይላሉ። በበጎ ታስቦ የተባለ ቢሆንም የሚያስተምረው ያንኑ ነው፤ ትክክለኛው ጊዜ ሌላ ቦታ እንዳለና የእኛ እንደ ዘገየ።

የዓመት ቁጥር ግን ሩጫ አይደለም። መቁጠር ከጀመርንበት ነጥብ እስከ ዛሬ ያለው ርቀት ነው። ታይላንዶች በቡድሃ ዘመን ስለሚቆጥሩ ቁጥራቸው ከአውሮፓው በ543 ይበልጣል። ኢራኖች ከነቢዩ ሙሐመድ ስደት ተነሥተው በፀሐይ ዓመት ስለሚቆጥሩ በ621 ወይም በ622 ያንሳል። የኔፓል በ56 ወይም በ57 ይበልጣል፤ የአይሁድ አቆጣጠር ከ5780 አልፏል። ታይላንድ ከፈረንሳይ አምስት መቶ ዓመት ቀድማ ሄዳለች፣ ኢራንም ስድስት መቶ ዓመት ተጎትታለች የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ወደኋላ ቀርተናል የምንለው እኛው፣ በገዛ አፋችን ነን።

ለመሆኑ ወደኋላ ቀረን የምንለው ከምን ነው? ዘመናዊ የሚባለው ካሌንደር አሠራሩ በወሮቹ ስም ላይ ተጽፎ ይታያል። ሴፕቴምበር በላቲን ሰባት፣ ኦክቶበር ስምንት፣ ኖቬምበር ዘጠኝ፣ ዲሴምበር ዐሥር ከሚሉት ቁጥሮች የወጡ ናቸው። ዛሬ ግን ዘጠነኛ፣ ዐሥረኛ፣ ዐሥራ አንደኛና ዐሥራ ሁለተኛ ወር ሆነው ተቀምጠዋል። የጥንት ሮማውያን ዓመት በማርች ይጀምር ነበርና ነው፤ የዓመቱ መባቻ ወደ ጃንዋሪ ሲዞር ስሞቹ ባሉበት ቀሩ። ዓመቱን የማስተካከል ሥልጣን በካህናቱ እጅ ስለነበር፣ የወዳጃቸውን የሹመት ዘመን ለማርዘም ወር ይጨምራሉ፣ የጠላታቸውን ለማሳጠር ይተዋሉ። ነገሩ ተበላሽቶ ተበላሽቶ፣ ዩልዮስ ቄሳር ሊያስተካክለው ሲነሣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን 46ኛውን ዓመት 445 ቀን ማድረግ ግድ ሆነበት። ጁላይ በእርሱ፣ ኦገስት በወራሹ በአውግስጦስ ስም ተሰየሙ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን፣ ጁላይና ኦገስት ተከታትለው 31፣ ከሌሎቹም አንዱ 30 አንዱ 31 የሆነበት የተፈጥሮ ሕግ የለም። ሕፃናት ዛሬም የእጃቸውን አንጓ እየቆጠሩ ነው የትኛው ወር 31 እንደሆነ የሚያጠኑት።

ቄሳርን ያማከረው ደግሞ ሶሲጌኔስ የሚባል የእስክንድርያ ሊቅ ነው። ግብፆች ከጥንት ጀምሮ ዓመቱን በ12 ወር፣ እያንዳንዱን ወር በ30 ቀን ከፍለው በመጨረሻ 5 ቀን ይጨምሩ ነበር። ጳጉሜን የሚለው ስማችን ራሱ «ተጨማሪ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ንጉሥ በጥሊሞስ ሦስተኛ በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ቀን ይጨመር ብሎ አወጀ፤ የሰማው አልነበረም። በኋላ አውግስጦስ ግብፅን ሲይዝ ነው ትእዛዙ የጸናው። እኛ ዛሬ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምናውላት ጳጉሜን 6 የዚያች ቀን ልጅ ናት። እንግዲህ ሁለቱ አቆጣጠሮች የወጡት ከአንድ ቤት ነው። ሮማ ዕውቀቱን ወስዳ የራሷን የተዘበራረቁ ወሮች እንደያዘች ስትቀር፣ የወሮቹን እኩልነት ሳያፈርሱ የያዙት ግብፅና ኢትዮጵያ ናቸው።

የዚሁ የሮማ ካሌንደር ሁለተኛው ጥገና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1582 ነው። የዩልዮስ ዓመት ከፀሐይዋ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ስለሚረዝም፣ ፋሲካ የሚሰላበት የጸደይ እኩሌታ ከማርች 21 ወደ ማርች 11 ተንሸራትቶ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ሉዊጂ ሊሊዮ የተባለው ሐኪም ያቀረበውን ስሌት ተቀብለው ዐሥር ቀን ቆረጡ፤ ከሐሙስ ኦክቶበር 4 ቀጥሎ ዓርብ ኦክቶበር 15 ሆነ። ምክንያቱ የበዓል ጉዳይ ነበር፣ ያወጁትም ጳጳስ ናቸው። ስለዚህ «የእኛ የሃይማኖት ነው፣ የእነርሱ የሳይንስ ነው» የሚሉ ወገኖቼ እንደገና ቢያስቡ እላለሁ። ፕሮቴስታንትና ኦርቶዶክስ አገሮችም ለረጅም ጊዜ አንቀበልም ብለው ኖረዋል። እንግሊዝ የተቀበለችው በ1752፣ ሩሲያ በ1918፣ ግሪክ በ1923 ነው። በደርግ ጊዜ የነበረ ሰው የጥቅምት አብዮት በኖቬምበር 7 ሲከበር ያስታውሳል፤ በአሮጌው የሩሲያ አቆጣጠር ዕለቱ ኦክቶበር 25 ስለነበር ነው። በእኛ ጥቅምት 28 ነበርና ስሙ ሳይዛባ የተከበረው በአዲስ አበባ ነው።

በሌላ በኩል «ትክክለኛው የእኛ ነው፣ ፈረንጆች የጌታን ልደት አሳስተው ቆጠሩ» የሚሉም አሉ። ይህንንም አልቀበልም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የመጣው ከሁለት መነኮሳት ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ400 ገደማ አንያኖስ የሚባል የእስክንድርያ መነኩሴ ከዓለም ፍጥረት እስከ ሥጋዌ 5500 ዓመት ሰላ፤ የእኛ ቁጥር የዚህ ወግ ተከታይ ነው። በ525 ደግሞ ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ በሮም የፋሲካ ሰንጠረዥ ሲያዘጋጅ ሌላ መነሻ ያዘ፤ የአውሮፓው ቁጥር የእርሱ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ጌታ የተወለደው በሄሮድስ ዘመን ነው ይላል። አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ሄሮድስ የሞተው በአውሮፓው ቁጥር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ነው ይላሉ። ይህ ከሆነ ሁለቱም ዘግይተዋል፣ የእኛ ይበልጥ ዘግይቷል። ይህን መናገር ቤተ ክርስቲያንንም አገርንም አያዋርድም። ዕድሜያችንን፣ ውላችንን፣ ታሪካችንን የምንቆጥርበት፣ የተስማማንበትና ለብዙ መቶ ዓመታት ያልተቋረጠ ቁጥር ይበቃናል፤ በሐሰት መመካት አያስፈልገውም።

የጎርጎርዮሱ አቆጣጠር አይነካም የሚሉ ሰዎች ባለቤቶቹ ራሳቸው ስንት ጊዜ ሊጥሉት እንደሞከሩ ቢያነቡ ይገረማሉ። እ.ኤ.አ. በ1793 የፈረንሳይ አብዮተኞች አዲስ አቆጣጠር አወጁ። 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በመጨረሻ 5 ወይም 6 ተጨማሪ ቀን፣ ዓመቱም የሚጀምረው በሴፕቴምበር 22 አካባቢ። የጎጃም ገበሬ ከአያቱ የተማረውን ነገር በአዋጅ አዲስ ግኝት አድርገው አወጡት። ያበላሸባቸው ሳምንቱ ነው። ሰባቱን ቀን ሰርዘው በዐሥር ተኩት፤ በዓመት 52 ጊዜ የሚያርፈው ሠራተኛ 36 ጊዜ ብቻ እንዲያርፍ ሆነ። ሕዝቡ አልለመደውም፣ ናፖሊዮንም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ጀምሮ ሻረው። ሶቪየት ኅብረት በ1929 ፋብሪካ እንዳይቆም ብላ የአምስት ቀን ሳምንት አወጀች። ሠራተኛው በቀለም ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ቡድን በተለያየ ቀን ያርፋል፤ ባልና ሚስት አብረው የሚቀመጡበት ቀን አጡ። በ1931 ወደ ስድስት ቀን ለወጡት፣ በ1940 ወደ ሰባቱ ተመለሱ።

አሜሪካም የራሷ ሙከራ ነበራት። የኮዳክ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን፣ እንግሊዛዊው ሞዝስ ኮትስዎርዝ ያቀደውን 13 ወር፣ እያንዳንዱ 28 ቀን የሆነ አቆጣጠር ወድዶ በኩባንያው ሥራ ላይ አዋለው። ኮዳክ ከ1928 እስከ 1989 ሒሳቡን በዚህ ይሠራ ነበር። ኤሊሳቤት አኬሊስ ደግሞ በ1930 ማኅበር አቋቁማ ዓመቱን በአራት እኩል ሩብ የሚከፍል ሌላ ዕቅድ ይዛ እስከ ተባበሩት መንግሥታት ደረሰች። ሁለቱንም ያሰናከለው አንድ ነገር ነው። 13 ጊዜ 28 ሲባዛ 364 ነው፣ 4 ጊዜ 91ም እንዲሁ። የቀረችው አንድ ቀን ሰኞም ማክሰኞም የማትባል፣ ከሳምንት ውጭ የምትውል ቀን ልትሆን ነው። ያን ጊዜ የአይሁድ ሰንበት፣ የሙስሊሙ ጁምዓ፣ የክርስቲያኑ እሑድ በየዓመቱ ሊንሸራተቱ ሆነ። የሃይማኖት ሰዎች ተቃወሙ፣ በ1955 አሜሪካ አልደግፍም አለች፣ በ1956 ጉዳዩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የፈለጉት እኩል ወር ነበር። የእኛ አቆጣጠር ሳምንቱን ሳይነካ ያንን ይዟል፤ ጳጉሜን የራሷ ሰኞና ማክሰኞ ያላት፣ በሳምንቱ ውስጥ የምትውል ናት። ወሮቹ እኩል ስለሆኑ መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ ይውላል፤ በየወሩ ሁለት ቀን መቁጠር ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ በባሕረ ሐሳብ የሚያወጣውን እንመልከት። 2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ቢደመር 7518 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ሲደመሩ 9397፣ ለሰባት ሲካፈል የሚተርፈው 3 ነው፤ አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። መስከረም 1 ቀን 2018 የዋለው ሐሙስ ነው። ይህን ሒሳብ በትምህርት ቤት ስንት ልጅ ተማረው? እኔ የተማርኩት ከአንድ የሰፈራችን መሪጌታ እንጂ ከመምህር አይደለም፤ በዚህ ነው የማዝነው።

ጉድለት የለውም አልልም። የወር ደመወዝተኛ ጳጉሜንን ሠርቶ ለብቻዋ አይከፈለውም። የዓመቱ ርዝመትም የዩልዮሱ ስለሆነ በ128 ዓመት አንድ ቀን ገደማ ይንሸራተታል። የአድዋ ድል ቀን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጅ መጽሐፍ ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ተጽፏል፤ እኛ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው በማርች 2 ነው። አንዱ ተሳስቷል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ሰምቻለሁ። ማንም አልተሳሳተም። ጎርጎርዮሳውያኑ 1900ን ሠግር ዓመት ሳያደርጉ ስላለፉት፣ የእኛ ደግሞ ስላላለፈ፣ መካከላቸው በአንድ ቀን ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2100 እንደገና ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ በመደበኛው ዓመት በሴፕቴምበር 12 ይውላል።

እኔ የእነርሱን አቆጣጠር አትንኩ አልልም። የአውሮፕላን ትኬትም የውጭ ባንክ ደብዳቤም በዚያው ነው። የምቃወመው ሁለቱን ሳያውቁ መቀላቀልንና ጥፋቱን በአገር ዘመን ላይ ማሳበብን ነው። በአሜሪካና በእስራኤል መታወቂያቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብሎ የተጻፈላቸው ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ዓመቱን እንጂ ቀኑን የሚያስረዳ ወረቀት ስላልነበራቸው የመዘገባቸው ሰው የሞላላቸው ቀን ነው። አገር ቤት ደግሞ ቀን የሚጻፍበት ቅጽ «ዓ.ም.» ይሁን «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ሳይኖረው ይታተማል፤ የሚሞላው አንዱን አስቦ ይጽፋል፣ የሚያነበው ሌላውን አስቦ ያነባል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ ለልጅዎ የልደት ማስረጃ ሲያወጡ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ያስጽፉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ፣ ታኅሣሥ ብለው ያስሞሉት። ከዓመቱ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መኖሩን አይተው ይፈርሙ። ጸሐፊው «ስምንት ደምሬያለሁ» ካለዎት ወረቀቱን ይመልሱለትና ከታኅሣሥ 22 በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ይጠይቁት።