የወንዝ ዳር መንደርና ቅርሷ

በጀርመን አገር፥ በራይን ወንዝ ዳር፥ ባኻራኽ የምትባል ትንሽ የወይን መንደር አለች። የጥንት ቅጥሯንና ግንቦቿን ስለ ጠበቀች፥ ወይን ጠጇን የሚቀምስ እንግዳ ታሪኳንም አብሮ ይቀምሳል። ያለችበትም ሸለቆ በ1994 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

እኛስ? ከኮኪት አልፎ ወደ ድንበር የሚወርድ መንገደኛ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው የሱዳን ጋላባት ናት። መንገደኛው የሚጠይቀው የሰሊጥና የጥጥ ዋጋ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ በዚህ ስፍራ መቁሰላቸውንና በዚያው ቁስል ማረፋቸውን፥ ከተማዪቱም በስማቸው መጠራቷን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው ዓመተ ምሕረቱን ሳይሳሳቱ ይነግሩኛል፤ «ስፍራው የት ነው?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ይህን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ደግሞ እያለፉ ነው።

ባኻራኽን ያስከበራት ወይኑ ብቻ አይደለም፤ ያላትን የሚጠብቅ ሕዝብ ስላላት ነው እንጂ። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በአጠገብህ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ደብተርና እርሳስ ይዘህ ቅረብ። ድንጋይ ቢፈርስ ተመልሶ ይካባል፤ ሰው ሲያልፍ ግን የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል።